የዳዊት የእንግሊዝኛ ደብተር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6፤ ከጠዋቱ 2 ሰ.
የዳዊቴን ሸሚዝ አጥቤ አሰጣሁ። ለማን እንደማጥብ ራሴን አልጠይቅም። ልጄን ከገደሉት ሁለት ወር ሊሆነው ነው፤ ማልቀስ ክልክል ስለሆነ እጄን ሥራ አስይዘዋለሁ።
አበራ መጣ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ። ጠመንጃውን እንዳነገተ የዳዊትን የእንግሊዝኛ ደብተር ጠየቀኝ። የለም አልኩ። ዓይኑ ሣጥኑ ላይ ነው። ምን ሊያደርግበት? ልጄን የጠቆመው እሱ ቢሆንስ? ማስታወሻዬ፣ አንቺንም ዛሬ ጤፍ ውስጥ እቀብርሻለሁ።

ያው ዕለት፤ ከሰዓት
ሣጥኑን ከፈትኩ። ደብተሩ አለ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ግን በየመስመሩ አንድ ባለ ሦስት ፊደል ቃል አለ፤ ከሥሩ ተሰምሮበታል። ሰው አንድ ቃል ይህን ያህል ጊዜ ለምን ይጽፋል? ምሥጢር መሆን አለበት። ልጄ ደብቆኝ ነበር?

ሐሙስ፣ ኅዳር 8
ነጠላዬ ሥር ደብቄ የባለሱቁ የሐጂ ልጅ ዘሃራ ዘንድ ወሰድኩት። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ሳቀች። «ኧረ እትዬ ብርቄ፣ ይሄ እኮ ግሥ ነው! ጌት ይባላል። እኛንም ገድሎናል።» ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።
አነበበችልኝ። ደብዳቤ ደረሰው። ላምበረት ላይ ከአውቶቡስ ወረደ። እንጦጦ ማርያም ደረስን። ታመመ። ዳነ። ነገሩ ገባው። ለሁሉም ጌት ነው ትላለች። አላመንኳትም። መታመምና መዳን እንዴት በአንድ ቃል? የትምህርት ቤት መጽሐፏን አስመጥቼ አስተያየሁ። እውነቷን ነው።
ቀጥላ ያሳየችኝ ግን ሌላ ነው። ጽሑፉ የሁለት ሰው ነው። ላይኛውን መስመር ዳዊቴ ይጽፋል፤ ታችኛውን ሌላ ሰው እንደ እኔ ቀስ ብሎ፣ እስክሪብቶውን ተጭኖ ይገለብጣል። መጨረሻው ገጽ ላይ፦ አበራ ኮተቤ መምህራን ኮሌጅ ይገባል፤ መምህር ይሆናል።
ጠባቂው የልጄ ተማሪ ነበር። በድብቅ።

እሑድ፣ ኅዳር 11፤ ከቅዳሴ መልስ
አበራ ያለ ጠመንጃ መጣ። ማክሰኞ አሰሳ አለ፤ ደብተሩን ይስጡኝ ይላል። ጽሑፍህን አይቻለሁ አልኩት። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ዳዊት ይቀልድበት እንደነበር ነገረኝ፤ ሲሳሳት «ጓድ፣ ጠመንጃው ይቀመጥ፣ እስክሪብቶው ይነሣ» ይለው ነበር አለ። የልጄ አነጋገር ነው። አላስበላሁትም፣ አልጠቆምኩትም ብሎ በሚካኤል ማለ። ዘንድሮ መሐላ ርካሽ ነው። ተማሪስ መምህሩን አይጠቁምም?
ብሰጠው ነፍሱን ሊያድን ለቀበሌ ያስረክበው ይሆናል። ብደብቀው ይገኛል፤ ከአናርኪስት ጋር ተማረ ብለው እሱንም ይወስዱታል። የእሱን መስመር ቆርጬ እንዳላወጣ ከልጄ መስመር ጋር ተጠላልፏል። ከዳዊቴ የቀረኝ ጽሑፍ ደግሞ ይህ ብቻ ነው።

ያው ዕለት፤ 11 ሰ.
ወሰንኩ። ነገ ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን ደጅ አውጥቶ ያነድዳል፤ ወረቀት አቃጠልሽ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ከዚያ በፊት ግን አበራን ጠዋት እጠራዋለሁ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነብልኛል፤ የልጄን መስመር አስቀድሞ፣ የራሱን አስከትሎ። እኔ ፊቱን አያለሁ። ደብተሩን እጁ አይነካውም። ገጹን የምገልጥለት እኔ ነኝ።