ለአጣሪዎች የተሠራ በር

ለተከበሩ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነጣራዎና ከነግድግዳዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ አናጢው ከእናቴ ጋር በአሮጌው መጋዘን አጥር ሥር ላስቲክ ወጥረን ከተጠለልን ስምንት ወር ሆነን። ለጤናዎ ግን ሳናቋርጥ እንጸልያለን፤ ጣራ ስለሌለን ጸሎታችንን የሚያግደው ነገር የለም።

አከራያችን ልጄን ልድርበት ብሎ ካስለቀቀን ወዲህ፣ ቤት የጠየቅነው ሰው ሁሉ የአልጋ ቁራኛ የሆነችውን እናቴን ሲያይ ቤቱ ተይዟል ይለናል። ሬሳ ከቤቴ ይወጣል ብሎ የሚፈራን ሰው ምን ይሉታል? ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣን፤ ስለተደረገልንም መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ቤት የሌለን መሆኑን የሚያጣሩ ባለሙያዎች ቤታችን ድረስ እንደሚመጡ ሲነገረን ትልቅ ክብር ተሰምቶናል። መጥተውም «ቤታቸው አልተገኙም» ብለው ጽፈው ተመልሰዋል። እውነታቸውን ነው፤ ቤታችንን እኛም ፈልገን አላገኘነውም።

2. አቤት ብል፣ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አጣሪ የሚያንኳኳው በር እንደሚያስፈልግ በትሕትና አስረዱኝ። እኔ ሞኙ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው በር ስሠራ ኖሬ ለራሴ አንድ ቢኖረኝ ምን አለበት ብዬ፣ ከትርፍራፊ ጣውላ ገጣጥሜ ከላስቲካችን ፊት አቆምኩ። እጄ አመሉን አልተው ብሎኝ ላግኩት፣ ቀለም ቀባሁት፣ እጀታ ገጠምኩለት። ምነው እጄን በሰበረው!

3. አጣሪዎቹ ሲመጡ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንኳኩ። እናቴም ለወራት የጠበቀቻቸው እንግዶች ናቸውና ባላት አቅም ግቡ ብላለች፤ ድምፅዋ ግን ከፍራሿ አልራቀም። እነሱም በሩን ከላይ እስከ ታች አይተው «ደህና ቤት አላቸው» ብለው ፋይላችንን ዘጉ። ገፋ ቢያደርጉት ኖሮ እሷንና ላስቲኩን ያዩ ነበር።

የይግባኙ ጊዜ ሰኞ ያበቃል፤ ዝናቡም ጀምሯል። በሩን ላንሳው ብል ቤታቸው አልተገኙም እንባላለን፤ ልተወው ብል ባለቤት ነን። ክቡርነትዎ፣ ጨንቆኛል። የምጠይቀው ሰው ባጣ ነው በአደባባይ የጻፍኩልዎ።

በሌለኝ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
በመዝገብዎ ደህና ቤት ያለኝ አናጢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሩ አይቆለፍም። ነፋስ ባንገጫገጨው ቁጥር እናቴ የእርስዎ ሰዎች የተመለሱ እየመሰላት ግቡ ትላለች። እኔም ስለ ክብርዎ ስል ነፋስ ነው አልላትም፤ ሥራ በዝቶባቸው ሄዱ እላታለሁ።