«ዝገት» ስለተባለው ቃጠሎ

ለተከበሩ የፋብሪካችን ምክትል ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ዘካሪያስ
ቃሊቲ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ በተለይም ዓይኖችዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ በማድረግ ይህን ደብዳቤ እጽፋለሁ። ስሜ ኡመይር ሙሀመድዘይን ይባላል፤ በማሽን ሾፑ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በቶርኖ ብረት ስቆርጥ የኖርኩ ሠራተኛዎ ነኝ። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ቢሮዎ ውስጥ በክብር ተቀምጠው ስለሚገኙ፣ አራተኛውን ለእርስዎም ለሕዝብም በአንድነት ማቅረብ ድካምዎን ይቀንሳል ብዬ ነው።

፩ኛ፦ ስለ መስከረሙ መመሪያዎ አመሰግናለሁ። አንባቢ እንዲረዳው፣ በቶርኖ ላይ ብረቱን የሚቆርጠው ካርባይድ የምንለው ትንሽ ጥርስ ነው፤ የተንግስተን ካርባይድ ዱቄት በኮባልት ተጣብቆ የተሠራ፣ ብረትን እንደ ድንች የሚልጥ ነገር። ጥንካሬው ግን ሙቀት እስኪበዛበት ድረስ ነው። ስድስት መቶ ዲግሪን ካለፈ ከአየር ጋር ተዋህዶ ይቃጠላል፤ ጠርዙ ያብጥና እርድ የመሰለ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ስንቆርጥ ማቀዝቀዣ ውሃ የምናፈስበትም ለዚህ ነው። የጥርሶቹ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ያሳሰበዎት እርስዎ ግን የአምራቹን ማኑዋል አስተርጉመው «ካርባይድ ከዝገት ይጠበቅ» የሚለውን ካነበቡ በኋላ፣ ዝገት የሚመጣው ከውሃ ነው በማለት ውሃው እንዲዘጋ፣ የማሽኑ ፍጥነት ግን እንዳይቀነስ በማህተም አዘዙ።

፪ኛ፦ ተርጓሚው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ ይሞክራል ተብዬ ተጠርቼ፣ «ኦክሲዴሽን» ለሚለው ቃል መዝገበ ቃላቱ ያስቀመጠውን «ዝገት» ገልብጬ ሰጠሁ፤ አጠገቡ የነበረውን «በከፍተኛ ሙቀት» የሚለውን ደግሞ ለማሳጠር ዘለልኩት። መመሪያው በተለጠፈ ማግስት ስህተቴ ገብቶኝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ማህተም ያረፈበት ወረቀት በአንድ ሠራተኛ ቃል እንደማይሻር በትህትና ስላስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ። እኔም እሺ ብዬ ተመለስኩና ውሃዬን ዘጋሁ።

፫ኛ፦ በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት፣ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ቶርኖ የምትሠራው ዳሲቱ ሮሪሳ የጭነት መኪና አክስል ስትቆርጥ ጥርሱ ቀልቶ፣ አብጦ ተፈረካከሰ። ስባሪው መነጽሯን በስቶ ግራ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከወለሉ ላይ የለቀምኩትን ትራፊ በወረቀት ጠቅልዬ ይዣለሁ፤ በከፈትኩት ቁጥር ቢጫው ዱቄት ጣቴ ላይ ይቀራል። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ሰዓቱ ሲደርስ ምሳዬን በላሁ።

አጣሪ ኮሚቴው ላሳየው ቅልጥፍና ምስጋናዬ ይድረሰው። ማሽኑን ሳያይ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ «ሠራተኛዋ ካርባይዱን እርጥብ አድርጋ በማስቀመጧ ዝጎ የተሰበረ ነው» ሲል በቸልተኝነት ከሥራ እንድትሰናበት ወሰነ። ውሃው ከተዘጋ ሁለት ወር ባለፈው ቤት ውስጥ ይህን ሁሉ እርጥበት ከየት እንዳመጣችው አለመጠየቁ የጨዋነቱ ምልክት ነው።

፬ኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ከውሳኔው ላይ «ዝገት» ወጥቶ «ቃጠሎ» ይግባበት። ዝገት ከሆነ ጥፋቱ የዳሲቱ ይሆናል፤ ቃጠሎ ከሆነ ግን ውሃውን ማን አስዘጋው የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ ሁለት ሰዎች ነው፤ የእኔን ስም አስቀድመው ይጻፉት፤ አልቀየምም። እሷ ግን ትመለስ። ቶርኖው ቢቀርባት፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ከእሷ የተሻለ የሚያውቀው የለም።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዝምታዎና በውሳኔ ለመጽናትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ትእዛዝዎን እስከ ዛሬ አንድም ሳላጓድል የፈጸምኩ፣
ታዛዥ ሠራተኛዎ
ኡመይር ሙሀመድዘይን

ድኅረ ጽሑፍ፦ የስንብት ደብዳቤዋ ትናንት ደርሷታል። የቀረላት ዓይን ቶሎ ስለሚደክም እንዳነብላት ሰጠችኝ። እስከ ስሟ ድረስ አነበብኩላትና፣ ከዚያ በታች ያለው «ፈጣሪ ይማርሽ» ነው አልኳት። ምስጋናዋን እንዳደርስልዎ አደራ ብላኛለች።