ከተረቱ ሥር ያለው ስም

ሰቆጣ፣ ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ስልኬን ስከፍት፣ ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩትን የጅብና የጦጣ ተረት በደምሴ ፌስቡክ ላይ አገኘሁት። ደምሴ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚሠራው። ሼር ቢያደርገው ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ቃል በቃል ገልብጦ ስሜን ብቻ አስቀርቷል። «ጦጣ» ለማለት «ጦጥ» ብዬ የተሳሳትኳት እንኳ አልቀረችም። እስከ ዛሬ የለጠፋቸው ግጥሞችስ የማን ነበሩ? አንድ በአንድ ስፈትሽ አረፈድኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ አላስቻለኝም። «ደምሴ፣ ስሜን ምነው ዘለልከው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺስ የአባ ኪሮስን ስም የት አደረግሽው?»

አባ ኪሮስ የአከራዬ አባት ናቸው። ከጽጽቃ ለሕክምና መጥተው በሰነበቱ ጊዜ ተረቱን በኽምጣንጋ ሲያወሩ፣ አከራዬ እየተረጎመችልኝ ነው የጻፍኩት። ከሥሩ ግን የራሴን ስም ብቻ አሰፈርኩ።

ደምሴ ይህን ከማን ሰማ? አከራዬ ነግራው ይሆን? ቅር ብሏት ኖሯል ማለት ነው?

ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆማ እንደ ወትሮው «ደህና ዋልሽ?» አለችኝ። ፊቷን ደጋግሜ አየሁት፤ ምንም አላገኘሁበትም።

ቤት ገብቼ የአባ ኪሮስን ስም ከስሜ በላይ ልጽፍ ስል የአባታቸውን ስም እንደማላውቀው ገባኝ። አከራዬን ልጠይቃት ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። «እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቅሽኝም?» ብትለኝ የምመልሰው የለኝም።