ምንም ያልበቀለበት ሳህን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8
ጠዋት ስልሳ ሁለት ሊትር ወተት ገባ። ሁለቱ ጎምዝዞ ስለነበር መለስኩት። የቀረው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው መጣ። የሰፈሩ ኬክ ቤት የበሉ አሥራ አንድ ሰዎች እያስመለሳቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ኬክ ሰሪው «ከወተቱ ነው» ብሏል። ወተቱ ጠዋት ከኔ የወሰደው... ሱቄ ታሸገ፣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበት ሱቅ። መጮህ ምን ይጠቅማል? ከየዕለቱ ወተት አንድ ጠርሙስ ቤቴ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የዛሬውም አለ። እሱ ይናገር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9
ጠርሙሱን የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ አደረስኩ። ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ ግን የዋዛ አይደለም። የሽቦ ቀለበት ወተቱ ውስጥ ነክራ፣ ደም የተቀላቀለበት ቀይ ሳህን ላይ አሸችው። ከዚያ ሞቃት ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ባክቴሪያ ካለ እስከ ነገ ይበቅላል አለች። እንደ ዘር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10
ምንም አልበቀለም። ደስ አለኝ። እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም።

«እትዬ፣ ጥሬ ወተት እንዲህ ባዶ አይሆንም። ይሄ ፈልቷል።»

አልፈላም ብዬ ማልኩ። ቤት ስገባ ባሌ ዓይኔን ማየት አቃተው። ማክሰኞ እኔ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት፣ ወተቱን አፍልቶ ጠርሙሱ ውስጥ መልሶታል።

«ንጹሕ ሆኖ ይገኝልሽ ብዬ ነው እኮ።»

ምን ይሉታል ይሄን ሰው? ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ሻይ እንኳ አፍልቶልኝ አያውቅም።

ተመልሼ እውነቱን ነገርኳት። ሳቋን ዋጠችው። የማክሰኞን ወተት የወሰዱ የአርባ ቤቶች ስልክ ሰጠኋት። ስድስቱ ጋ ደወለች። አንድም የታመመ የለም። ነገ ራሴ መጥቼ ናሙና እወስዳለሁ አለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 11
ከተቆጣጣሪው ጋር መጣች። ወተት ከሚመጣልኝ የላሞች በረት ጥሬ ወተት፣ ከኬክ ቤቱ ፍሪጅ የተረፈ ክሬም፣ ከሁላችንም እጅ በጥጥ ናሙና ወሰደች። ኬክ ሰሪው አንድ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ሁለቱንም፣ ወንድሜ» አለችው።

አወጣው። ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሲፈታ... አብጦ መግል ይዟል።

ሰኞ፣ ኅዳር 14
ጠራችኝ። በማይክሮስኮፑ አየሁ። ባክቴሪያዎቹ ክብ ክብ፣ ሐምራዊ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተከማቹ። ከክሬሙም፣ ከጣቱም። ከወተቴም ጥቂት...

«ቆይ እትዬ፣ መልክ ብቻ አይበቃም።»

የሦስቱንም ባክቴሪያ የደም ውሃ ባለባቸው ቱቦዎች ውስጥ ጨምራ አሳድራለች። አንድ በአንድ ዘንበል አደረገቻቸው። የክሬሙና የጣቱ እንደ ጄሊ ረግቷል። የኔው እንደ ውሃ ፈሰሰ። በሽታ አምጪው የደም ውሃውን የሚያረጋው ነው አለች። የኔው ማንንም አይነካም።

ተቆጣጣሪው ከሱቄ በር ላይ ወረቀቱን በገዛ እጁ ላጠው፣ የሰፈሩ ሰው ቆሞ እያየ። ፊቴን ኮስተር አደረግኩ፤ ውስጤ ግን ይጨፍር ነበር። ኬክ ሰሪው አንገቱን ደፍቶ መጣ። መጀመሪያ ጣትህን ታከም፣ ወተቱ ይደርሳል አልኩት። ባሌ ነገሩ ሁሉ በሱ ብልሃት የተፈታ ይመስል ለጎረቤት ያወራል። ተውኩት፣ ያውራ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ከላቦራቶሪዋ ልጅ ሰምቶ በቀን ሠላሳ ሊትር አዘዘኝ።

ነገ፦ ከወንዙ ማዶ ያለውን ከብት አርቢ ማነጋገር። ያለኝ ወተት አይበቃም።