ማርሽ ይይዛታል

ኅዳር 3

እሸት ቡና ጭነን ከሚዛን ስንወጣ ዳገቱ ላይ የጭነት መኪናችንን ጉልበት ከዳት። በሁለተኛ ማርሽ እየተንቀጠቀጠች ነጭ ጭስ ለቀቀች፤ ከኋላችን የነበረው ባጃጅ ጭሱ ውስጥ ጠፋ። ሙሴ መሪውን በቡጢ ደበደበው። "አበቃላት! ሞተሩ አልቋል! ለብረት እንሽጣት አላልኩሽም?"

ይህን ማለት ከጀመረ ወር ሆነው። ገዢም አግኝቷል... የራሱ ጓደኛ። ሞኝ መሰልኩት እንዴ?

ባሌ ባስልኤል ከሞተ ይህ ሁለተኛው የቡና ወቅት ነው። ቤታችንን የሠራው በዚህች መኪና ነው። መንዳት ያስተማረኝም በሷ ነው። ሙሴን ሹፌር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ የባሌ ወንድም ነው፣ ከባዳ ይሻላል ብዬ። አሁን "የወንድሜ ናት" ይላል። ቁልፉን አያስነካኝም። እኔ ጋቢና ውስጥ እንደ ጆንያ ተቀምጬ እሄዳለሁ።

ማታ ዝናብ ጣለ። ራት አልበላሁም።

ኅዳር 5

ሙሴ ለዘይት ቅየራ ጋራዥ አቁሟት ወጣ። ቁልፉ መካኒኩ ሰይፈዲን ጋ ነው። ለመንኩት፤ እስኪ እውነቱን ንገረኝ፣ አልቋል ወይ?

"አልቋል ያለሽ ማነው? ቆይ እህቴ፣ እንስማት።"

አስነሳት። ነዳጅ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚሄዱትን ቱቦዎች ተራ በተራ ማላላት ጀመረ። አንደኛውን ሲያላላ ሞተሩ ተንገዳገደ። አጠበቀው። ሁለተኛው ላይም ተንገዳገደ። ሦስተኛውን አላላ... ምንም። እንደነበረች ትንደቀደቃለች። አራተኛው ላይ እንደገና ተንገዳገደች።

"ሰማሽ? ሦስተኛዋ ሲሊንደር ድሮም እየሠራች አልነበረም። ብትኖርም ባትኖርም ያው ናት።"

ከዚያ ኖዝሎቹን ፈትቶ በየቀዳዳው የግፊት መለኪያ ጌጅ እያሰረ በማስነሻው ሞተሪኖ አዞራት። የቀሩት ሦስቱ ሲሊንደሮች እኩል ናቸው። የሦስተኛዋ ኮምፕሬሽን፣ አየሩን የምትጨምቅበት ጉልበት፣ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። በቀዳዳው ትንሽ ዘይት አፍስሶ ደገመው። ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም።

"ዘይቱ ቢያነሳው የፒስተኑ ፋሻ ነው፣ ሞተሩ ይውረድ እልሽ ነበር። አላነሳውም። ቫልቭ ነው። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ አውርደን እንሠራዋለን። የታችኛው ሞተር ጤነኛ ነው።"

ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ሙሴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መፍቻ አንስቶ የሰይፈዲንን አፍ መታው። ደሙ ጌጁ ላይ ተንጠባጠበ። "የሰው ሞተር ማን ክፈት አለህ!" መሀል ገባሁ። ቡጢው ጉንጬ ላይ አረፈ። ሳት ብሎት ነው እንዳልል... ዓይኔን እያየ ነው የመታኝ።

መፍቻውን በሰይፈዲን አናት ላይ ይዞ ኖዝሎቹን መልሶ አሳሰረው። ሰይፈዲን ደሙን እየተፋ ጨረሰ። ስንወጣ ግን እኔን እያየ ተናገረ። "የእጅ ፍሬን የላትም። እስክትሠራ ዳገት ላይ በማርሽ ብቻ እንዳታምኗት። ሞተሩ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ የሚይዝ ነገር የለውም፣ ትሾልካለች። ጎማው ስር ታኮ አድርጉ።"

ሙሴ ሳቀ።

ኅዳር 6

ጥርሴ ይነቃነቃል።

ኅዳር 8

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። "የሟች ወንድም ነው፣ ቻይው" አሉኝ። እሺ ብዬ ተነሳሁ። ስንት ጊዜ ነው የሚቻለው? እሱን አልነገሩኝም።

ኅዳር 9

ሸኮ ዳገት ላይ ለጭነት ቆምን። ወርጄ ከኋላ ጎማው ስር ድንጋይ አደረግሁ። ሙሴ በእግሩ ጠለዘው፤ ከዚያ ጫኞቹ ፊት በጥፊ አጮለኝ።

"መኪና ልታስተምሪኝ ነው? ማርሽ ይይዛታል!"

ጫኞቹ ሳቁ። ከሳቃቸው ይልቅ ጥፊው ቀለለኝ። ድንጋዩን አንስቼ ጋቢና ውስጥ እግሬ ስር አስቀመጥኩት። ለምን? እኔም አላውቅም።

ኅዳር 12

ልጻፈው።

ባዶዋን ወደ ቴፒ እየሄድን ነበር። የጭስ ማውጫው ተፈትቶ መንኳኳት ጀመረ። ሙሴ ዳገቱ መሀል አቆማት፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ማርሽ አስገባ። እየተሳደበ ከስር ገባ። ከፊት ጎማው ኋላ ተንጋሎ። መንገዱ ላይ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም።

ድንጋዩን ይዤ ወረድኩ። ላደርግለት ነው የወረድኩት... እውነት ነው። እግሬን አየ። "ድንጋይሽን ይዘሽ ዞር በይ! በሱው ነው የምፈነክትሽ!"

ቆምኩ።

መኪናዋ ቀጭ አለች። ጎማው ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ። የጃኬቱን እጅጌ ከነመሬቱ ያዘው። ጎተተ፤ አልወጣም።

"ውድነሽ! ታኮ!"

ስሜን ከጠራ ስንት ጊዜው ነው? "አንቺ ሴትዮ" ነበርኩ እኮ።

"ማርሽ ይይዛታል አላልክም?"

"በወንድሜ አጥንት ይዤሻለሁ! ታኮ አድርጊ!"

"ቁልፉን ወርውር።"

በነጻ እጁ ከኪሱ አውጥቶ ወረወረው። አነሳሁት። ያኔ ማድረግ ነበረብኝ። ቁልፉም ድንጋዩም እጄ ላይ ነው። ጎማው ከኔ አንድ እርምጃ ነው። ጉንጬ ትዝ አለኝ። የሰይፈዲን አፍ። የጫኞቹ ሳቅ። እሱ ይጮሃል፣ እኔ ቆሜያለሁ።

ቀጭ... ሁለተኛው። ጣቶቹ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበሩ ሰማሁ።

ከዚያ ነው ድንጋዩን ያደረግሁት። ጋቢና ገባሁ። ፍሪሲዮኑን ስረግጥ ድንጋዩ ላይ ተደገፈችና ትንሽ ሸተት አለች፤ ሙሴ እንደገና አገሳ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ እምቢ አለ፣ አስነጠሰ... ተነሳ። ወደ ፊት አወጣኋት። ቴፒ ሆስፒታል ድረስ እኔ ነዳሁ። እሱ አጠገቤ እየደማ እናቱን ይጣራል።

ደስ ብሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኅዳር 13

ሁለት ጣቶቹን ቆረጡለት። የቀኝ እጁን። የሚማታበትን።

እናቱ እትዬ ማናልሞሽ መጡ። ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዘው፣ "ልጄ፣ ድንጋዩ እጅሽ ላይ ነበር ይላል። ምነው ዘገየሽ?" አሉኝ።

"ከበደኝ፣ እትዬ።"

አለቀሱ። አቀፉኝ። "አዬ፣ የሴት ጉልበት!" አሉ። ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ይህንኑ ነገሩት። ጠያቂውም ከንፈሩን መጠጠልኝ።

ኅዳር 24

ሰይፈዲን ቴስታታውን አወረደ። ከንፈሩ ተሰፍቷል፣ ሲናገር ያመዋል። የሦስተኛዋን ቫልቭ አሳየኝ፤ ጠርዙ ተቃጥሎ ተበልቷል። አዲስ አስገብቶ ገጠማት። ጌጁን አሰረ፤ ሦስተኛዋ ከሌሎቹ እኩል ወጣች። ባስልኤል ይህን ቢያይ ብዬ አለቀስኩ።

ሙሴ እናቱ ቤት ነው። ዛሬ በሩ ላይ ሳልፍ አየኝ። ፋሻ የተጠመጠመ እጁን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ገባ። ሽማግሌ አልላከም። እውነቱን እሱና እኔ ብቻ እናውቀዋለን፤ ማንም አያምነውም።

ከሰይፈዲን ጋር ዳገቱ ላይ ሞከርናት። ራሴ ነዳሁ። ሞተሩን አጥፍቼ ማርሽ አስገባሁ፣ ወርጄ ጎማው ስር ድንጋዩን አደረግሁ። ሰይፈዲን ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገው። ጠበቅን። ንቅንቅ አላለችም።

"አሁን ማርሽ ይይዛታል" አለ። "ጣይው ይሄን። ደግሞ ይከብድሻል።"

"ይቀመጥ" አልኩት። ጎንበስ ብዬ አንስቼ ጋቢና ውስጥ ወረወርኩት። ሳላስበው ነው... በአንድ እጄ።

ሰይፈዲን ድንጋዩን አየ። እጄን አየ። የተሰፋ ከንፈሩን በምላሱ ነካ ነካ አደረገ።

"ጎማዎቹ ንፋስ ይጨመርላቸው" አለኝ።

ሞተሩን አስነሳሁ።