የዘሃራ ሰሳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከት/ቤት መልስ

ዛሬም በክፍሉ የሚወዳደረኝ ጠፋ። ጎረቤቴ ኦቦ ተማም «ኤሌክትሪክ» የምትለዋን ቃል እንደ እምቢተኛ በግ ሲጎትታት፣ እኔ በአንድ ትንፋሽ ወጣኋት። መ/ርት ምሕረት ጎበዝ አለችኝ። (ይቺን ጭረት ተመልከት፣ ደብተሬ። ቃል ታሳጥራለች። አምና በአውራ ጣቴ ስፈርም የነበርኩ ሰውዬ ዘንድሮ ቃል አሳጥራለሁ።) መ/ርት ከወላይታ የመጣች ልጅ ናት። የመንደራችንን የየቡን ሽበታም ሁሉ ማታ ማታ ፊደል ታስቆጥራለች። የኔን ጽሑፍ ለሌሎቹ ታሳያለች። አሳዪኝ ብዬ ስለምሰጣት ነው፣ ግን ታሳያለች።

ዘሃራ ታስላለች። ባለቤቴ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አስላ ትጨርስና እንጨት ትጨምራለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ጅማ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሙ ልጅ ነው። ደረቷን አዳመጠ፣ ጀርባዋን አዳመጠ፣ ስንት ዓመት አጨሱ ብሎ ጠየቃት። ዘሃራ ክው አለች፤ ሲጋራ በእጇ ይዛ አታውቅም። ጣልቃ ገባሁ። አጫሹ ጉልቻው ነው፣ የሷ ሥራ አጠገቡ መቀመጥ ብቻ ነው አልኩት። ሳቅ ጠብቄ ነበር።

ልክ ነዎት አለኝ። በሽታዋ ይኸው ነው። የተጎዳው ሳንባ አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ ከጭስ ትራቅ። መድኃኒቱ ያግዛል፣ ጭሱ ካለ ግን ምንም አይፈይድም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ቀልድ ፈለግኩላት። አላገኘሁም። ማታ ራት ማን ይሥራ? እሳት አነደደች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

የመብራት ሰዎች መጡ። መስመሩ መንገድ ዳር ካለው ወፍጮ ቤት ተነስቶ በቡናችን መሀል ወደ ቤቶቹ ይገባል። ሽቦው በሚያልፍበት ያለ የጥላ ዛፍ ግን ይቆረጣል። የሁላችንም። መጀመሪያ የሚነካው የኛ ሰሳ ነው።

የኛ እላለሁ እንጂ የዘሃራ ነው። ስትዳር ከአባቷ መሬት ችግኙን በቅል ይዛ መጣች። ያ መሬት ዛሬ የለም፤ ለመብራት የተሠራው ግድብ ሲሞላ ውሃ ዋጠው። አባቷ ሌላ ቦታ ተሰጣቸው፣ እዚያው ሞቱ። ከአባቷ ደጅ የቀራት ይሄ ዛፍ ብቻ ነው። ዛሬ ወጥታ እጇን ግንዱ ላይ አሳርፋ ቆመች።

የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ መንደሩ ተሰብስቦ ይወስናል።

ማታ መ/ርት ይህንኑ የክፍል ክርክር አደረገችው። የግድብ መብራት፣ ሶላር፣ እንጨት። ለተማም ቡድን መብራት ደረሰው። ለኔ እንጨት። ቲቸር፣ እኔ እኮ መብራት ነው የምፈልገው አልኳት። ክርክር ማለት ያላመኑበትንም መሟገት ነው፣ ለርስዎ ደግሞ አይከብድም፣ አባባ ጀማል አለችኝ። ለርስዎ አይከብድም ስትል ልቤ አበጠ። የዘሃራን ነገር ሳልነግራት ቀረሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ረታሁ፣ ደብተሬ። እንዲህ ያለ አረታት የቡ አይታ አታውቅም።

ተማም መብራት አይጨስም፣ ጫካ አይበላም አለ። አማቴ በሬ ያሰማሩበት የነበረው ሜዳ ላይ ዛሬ ዓሣ ይግጣል፣ መብራትህ ጫካ ባይበላ መሬት ይበላል አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሶላሮቹ ቡድን ፀሐይ የማንንም መሬት አታሰምጥም አሉ። ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር፤ የክፍላችን የሶላር መብራት እዚያው ፍዝዝ አለች። በጣቴ አሳየኋቸው። በሉ ባቄላ ቀቅሉባት አልኩ። አለቀላቸው።

ከዚያ ወደ ራሴ። አሮጌ ቡና ስንጎነድል የሚወጣው እንጨት በነጻ ነው። ጭሱ የዘር በቆሏችንን ከነቀዝ ይጠብቃል፣ የጣሪያውን ማገር ከምስጥ። የጥላ ዛፍ ከተቆረጠ ቡናው በበጋ ይነዳል። አንድም ውሸት የለበትም፣ ወላሂ። መ/ርት ለማገዶና ለከሰል የሚያልቀውን ጫካስ ማን ይቁጠረው ብትል ማን ይስማት። እጅ አስወጣች። ሁሉም ለኔ።

ቤት ገብቼ ለዘሃራ እየተወንኩ ነገርኳት። ዓሣው ላይ ስደርስ ፈገግ አላለችም። የአባቷ መሬት ነዋ። ሳል ያዛት፤ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲለቃት አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ሳሌ የየትኛው ቡድን ነበር?»

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ተወሰነ። መስመሩ ወፍጮ ቤቱ ጋ ይቁም፣ ዛፍ አይነካ።

በኔ አፍ ነው የተወሰነው። አንዱ ተነስቶ ዓሣ ይግጣል አለ። ሌላው ባቄላውን አመጣ። እኔን እያዩ ይስቃሉ። ተማም እንኳ፣ ክፍል ውስጥ ለመብራት ጉሮሮው እስኪደርቅ የተሟገተው ሰውዬ፣ ጭሱ ለነቀዝ ነው ብሎ እጁን አወጣ። መነሳት ነበረብኝ። ሰው በቀልድህ እየሳቀ ሳለ ተነስቶ ተሳስታችኋል ማለት እንዴት እንደሚከብድ አንተ ወረቀት ነህ፣ አታውቀውም። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ።

ዘሃራ ምን አሉ አላለችኝም። ፊቴን አይታ ገባት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26። ቦሳ አዲስ

ልጃችን ፎዚያ ጋ አመጣኋት። ቤቷ እዚህ ጅማ ከተማ፣ ቦሳ አዲስ ነው፤ የምታበስለው በኤሌክትሪክ ስቶቭ። ሌሊቱን ትንፋሽ አጥሯት ስላደረች ጠዋት ሳልጠይቃት ጓዟን ጠቀለልኩ። ስንወጣ አደራ ያለችኝ አንድ ነገር ነው። እሳቱ እንዳይጠፋ፤ የዘር በቆሎው ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል።

እዚህ ስንደርስ በርጩማ ስባ ስቶቩ አጠገብ ተቀመጠች። ወጡ ሲዘገይባት ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት። ፎዚያ ሳቀች። መሳቅ የኔ ሥራ ነበር። ወደ ውጭ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ለቀማ ደርሷል። ቡናው እንደ ደም ቀልቷል። ከጎኔ ያለው ረድፍ ባዶ ነው። እየለቀምኩ እናገራለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ።

ሰሞኑን እሳት ማንደድ አስጠልቶኝ ከተማ እየበላሁ ነበር። ዛሬ በቆሎውን ባወርደው ነቀዝ ገብቶበታል። ክርክሩ ላይ ያልኩት እውነት ነበር ማለት ነው። እውነት ሆኖ ምን ያደርግልኛል።

ፎዚያ ደወለች። እማዬ ተኝታ አደረች አለችኝ። እንደ በፊቱ ግድግዳ ተደግፋ ሳይሆን ጋደም ብላ። ሐምዱሊላህ። ይህን የሚያህል ወሬ ለማን ልንገር ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የምነግራት እሷን ነበር።

ቆይታ ዘሃራ ራሷ ስልኩን ተቀበለቻት። ለለቀማው እመጣለሁ ትላለች። ጭሱስ ስላት ቤቴ ነው አለች። ትመጣለች፤ አውቃታለሁ። መጥታ ምድጃው ሥር ትቀመጣለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

የመብራት ሰዎቹ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሥራቸውን ሳይጨርሱ እንደገና ልናገር ብዬ ሽማግሌዎቹን ለመንኩ። ከጁምዓ በኋላ ሰው ቆመልኝ። ተነሳሁ። አፌን ሳልከፍት ሳቁ።

ዘሃራ ትንፋሽ አጥሯት ከቤቷ ወጥታለች አልኩ። ሳቁ፤ የሚቀጥለውን እየጠበቁ ነው። ቀልድ አይደለም አልኩ። ባሰባቸው። ተማም እንባውን እየጠረገ፣ አቦ ጨርሳት እንጂ ይለኛል። ክፋት የለውም፣ ይወደኛል። ሁሉም ይወዱኛል። ባለቅስ ደግሞ እንዴት አሳምሮ ያስመስላል ይሉኝ ነበር።

ሳልጨርስ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ጠዋት

ደወልኩላት። ሰሳውን ልቆርጠው ነው አልኳት። ራሴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ እያየ። ያንን ዛፍ ወድቆ ያየ ሰው ጀማል ቀልዱን ነው አይልም።

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

ከዚያ ተናገረች። የአባቷ መሬት ለመብራት ተብሎ ውሃ ገብቷል፤ ዛፉም ለመብራት ይሂድ። ግን መብራቱ ቤቷ ገብቶ ትየው፤ ሁለቱንም ሰጥታ ጨለማና ጭስ ውስጥ አትቀመጥም። ይህን ሁሉ ስትል አንዴም አላሳላትም። እንዲህ ረጅም ነገር በአንድ ትንፋሽ ስትናገር ከሰማሁ ቆየሁ። ስለ ዛፉ ማዘኑን ትቼ ትንፋሿን ማዳመጥ ያዝኩ።

ልትዘጋ ስትል ጨመረች።

«ግንዱን እንዳታከስለው።»

ከሰዓት

የኔ ምሳር ለሰሳ አይሆንም። ተማም ጋ ልዋስ ሄድኩ። ለምን አለኝ። ለዘሃራ ሰሳ አልኩት። ፈገግ ብሎ ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩት። ፈገግታው ቀስ እያለ ወረደ።

«ያ ጀማል፣ እውነትህን ነው እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ትናንት መስጊድ በር ላይ ያልከውስ አለኝ። እሱም አልኩት። ምሳሩን ሞርዶ ሰጠኝ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘኝ። ነገ እመጣለሁ አለ። ለመቁረጥ ይሁን ለማየት አልጠየቅኩትም።

ነገ ጠዋት እቆርጠዋለሁ። ከሥሩ ያለው ቡና በበጋ እንደሚነድ አውቃለሁ። ሙዝ እተክልለታለሁ፤ ሙዝ ሽቦ አይደርስም። ግንዱን አስጣውለዋለሁ። ከቅርንጫፉ አንዲት እንኳ ምድጃ አትገባም። ሌላው ሰው የራሱን ይቁረጥ አይቁረጥ፣ ዘሃራን አስቦ ይወስን።

ይህን የምጽፈው ሰሳው ሥር ተቀምጬ ነው። ጥላው ገጹ ላይ ይወዛወዛል። ፀሐይ ስትዞር ከደብተሩ ይነሳል። እስከዚያ ከሥሩ አልነሳም።