ሰው የገባበት ቤት

ዛሪማ ላለሽው እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ቁርጥማቱ ጉልበትሽን ተወልሽ ወይ? የዘንድሮ ማሽላስ እንዴት ነው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ የንስሐ አባትሽ ቄስ ሐብተ ማርያም ብቻ ያንብቡልሽ። ጎረቤት ባለበት እንዳይከፈት።

እናቴ፣ እህቴ እንኳየሁ በሳንባ ምች ሞተች ብዬ ነበር የነገርኩሽ። ዋሽቼሻለሁ።

ትሠራበት የነበረው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከጎንደር አራዳ ተነቅሎ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ወደሚቆረቆረው አዲስ ከተማ እንዲሄድ መንግሥት ማዘዙን ታውቂያለሽ። ሐሳቡ ሸጋ ነበር፤ ሠራተኛው ከሥራው ደጃፍ ይኑር፣ ጎንደርም ትንሽ ትተንፍስ ነው። ደንቡ ግን የሠራተኞቹ ቤት አልቆ ሳይታይ ፋብሪካው አይነቀልም ይላል። አልቋል ብሎ የሚፈርመው እኔ ነበርኩ። ሄጄ ሳይ መስኮቱ መስታወት የለው፣ መብራት አልገባ፣ ውኃ የለ። አለቃዬ አቶ አምሐ፣ «አንተ ፈርም፤ ቤቱ ከኋላ ይደርሳል» አለኝ። ፈረምኩ።

ፋብሪካው ሄደ። ሠራተኛው ግን ጠዋት ማታ ከጎንደር በመኪና ይመላለስ ጀመር። አምና በኅዳር ተቆጣጣሪዎች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው ተባለ። ቤቱን ባዶ ካገኙት ጉዴ ሊፈላ ነው። እንኳየሁን ለመንኳት። «እስኪሄዱ ድረስ ብቻ ግቢ፤ አንቺን አይተው ሌሎቹም ይገባሉ» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ምነው አያ፣ የዛሪማን የቆላ ልጅ ለወገራ ውርጭ ልትድራት ነው?» አለችኝ። ግን ገባች። እምቢ ብላኝ አታውቅም። አረንጓዴ መጋረጃ ሰቀለች። መስኮቱን በላስቲክ የደፈንኩላት እኔው ነኝ። የከሰል ምድጃውንም ያመጣሁላት እኔው ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ቀረች። ጸሎት የምትባለው ጓደኛዋ ሄዳ ብታንኳኳ መልስ የለም። በሩን ሰብረው ሲገቡ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች ነበረች። ከሰሉ አፍኗታል።

ከቀበርናት በኋላ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። አብሬያቸው ቆሜ ነበር። አንደኛው ከታች ሆኖ መጋረጃዋን ቀና ብሎ አየና «ሰው ገብቷል» ብሎ ጻፈ። ዝም አልኩ። እናቴ፣ ያን ጊዜ እንኳ ዝም አልኩ።

አሁን ቤቱ ሁሉ ተይዟል፤ መስታወትም ገብቶለታል። የእሷን ክፍል ግን የሚደፍር ጠፋ። ቁልፉን ተቀብዬ እኔ ገባሁበት። ውርጭ ቢሆንም መስኮቱን አልዘጋም። ቢሮ ብቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ብቆም ከሰል ከሰል ይሸተኛል። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ደረጃውን ስወጣ «አያ» ስትል ሰማኋት። «አቤት» አልኩ። የታችኛው ቤት ሴትዮ ብቻዬን ስናገር አይታኝ ልጇን ጎትታ አስገባች።

ሰኞ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እሄዳለሁ። የፈረምኩበትን ወረቀት ግልባጭ ይዣለሁ። ለሙት ዓመቷ ላልደርስልሽ እችላለሁና ዝክሩን አታዘግዪው። በሬዎቹን ለታናሼ ለአዝመራ አስረክቢው፤ እሱ ይረስልሽ።

ጋቢዋን ወደ ዛሪማ በሚወርደው በአያ ጌታው እጅ ልኬልሻለሁ። አላጠብኩትም።

እኔን መመረቅ ቢከብድሽ አልቀየምም። አንቺን ግን የሰማይ አባት በእጁ ይደግፍሽ፣ ከቀሪው ልጅሽ ጋር በደስታ ያኑርሽ።

የእንኳየሁ ወንድም